በክረምት ዝናብ ውሻን የጥንቸል ዱካ ማስከተል፦ በመሃል አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ሰኔ ገብቶ ሰማዩ ሲዳምን በመሃል አዲስ አበባ ውሻ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ውሻውን በግቢ አስሮ መስከረም እስኪጠባ ይጠብቃል። ጭቃው፣ ብርዱና የእርጥብ ጠጉር ሽታ ለዚህ በቂ ምክንያት ይመስላሉ። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወርደው ሰፈር ከውሻዬ ከመቻል ጋር ሦስት ክረምት ስሠራ የተረዳሁት ግን ሌላ ነው፤ ዱካ ተከትሎ መሄድን ለሚማር ውሻ ከክረምት የሚሻል ወቅት የለም። በበጋ ፀሐይ ቶሎ የሚተንነው ጠረን በሐምሌ ጠዋት እርጥብ ሣር ላይ ለረጅም ጊዜ ተኝቶ ይቆያል። በዚህ ጽሑፍ በከተማ መሃል የሚኖር ሰው፣ አንድም የዱር እንስሳ ሳይነካ፣ ውሻው በዝናብ ወራት የጥንቸልን ጠረን እየተከተለ መጨረሻው ድረስ እንዲሄድ የሚያለማምድበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ አቀርባለሁ።

ጥንቸሏን ሳይሆን ጠረኗን

አንድም የዱር እንስሳ ሳይነካ ያልኩት በምክንያት ነው። በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደን የተከለከለ ሲሆን፣ ጥንቸልም ብትሆን ከዱር እንስሳት ወገን ናት። ከሕጉ ባሻገር፣ የከተማ ውሻ ወደ ደጋው ሣር ምድር ተለቅቆ ሲሮጥ የሚያደርሰው ጉዳት ከጥንቸሏ አልፎ ይሄዳል፤ ከውሾች የሚተላለፉት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን ቀይ ቀበሮ በባሌ ተራሮች ደጋግመው የፈጁ በሽታዎች ናቸው። በዚህ ላይ ጥንቸል በአብዛኛው ሕዝባችን ማዕድ የማትቀርብ በመሆኗ፣ ገድሎ መጣሉ ለእኔ ምንም ትርጉም አይሰጠኝም።

በውሻ የማደን ልማድ ሥር በሰደደበት በእንግሊዝ አገርም ቢሆን፣ በጠረን የተነከረ ጨርቅ መሬት ለመሬት ጎትቶ ውሾችን ማስከተል ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ስፖርት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2004 በወጣው የእንግሊዝና የዌልስ ሕግ በውሻ ማደን በአመዛኙ ሲከለከል፣ ጉድጓድ ቆፍራ የምትኖረው ትንሿ ጥንቸልና አይጥ ከክልከላው ውጭ ቀርተዋል፤ በሜዳ ላይ የምትኖረው ረጅም እግሯ ጥንቸል ግን ተከልክላለች። የኢትዮጵያ የዱር ጥንቸሎች በሙሉ የዚህችኛዋ ወገን ናቸው፤ ጉድጓድ አይቆፍሩም፣ በሣር መሃል ደረታቸውን አስጠግተው ይተኛሉ፤ ልጆቻቸውም ጠጉር ለብሰውና ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። ይህ ልዩነት በኋላ የምንዘረጋውን ዱካ ቅርጽ ስለሚወስን ከወዲሁ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ውሻው የሚከተለው ምንድን ነው?

ይህን ያልተረዳ ሰው ገመዱን በያዘ ቁጥር ውሻውን ያሳስታል። የሰው አፍንጫ ጠረን የሚለዩ ሕዋሳቱ ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ሲገመት፣ የውሻ ግን እንደ ዝርያው በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራል። ውሻ ሲያነፈንፍ በሴኮንድ አምስት ጊዜ ያህል አየር ይስባል፤ ሲያስወጣ ደግሞ በአፍንጫው ጎንና ጎን ባሉት ስንጥቆች ስለሆነ፣ የሚወጣው አየር የሚገባውን አያውክበትም። ዱካ የምንለውም አንድ ነጠላ ሽታ አይደለም። እንስሳዋ ከቆዳዋና ከጠጉሯ የምታረግፈው ዓይን የማያየው ብናኝ፣ ከእግሯ የሚቀረው፣ ስትረግጠው የተሰበረው ሣርና የተገለበጠው አፈር የሚያወጡት ሽታ ሁሉ ተደባልቆ ነው ዱካ የሚሆነው።

እርጥበት ይህን ድብልቅ ይጠብቀዋል። ብናኙ ሣሩና አፈሩ ላይ ይጣበቃል፣ በላዩ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሥራቸውን ይቀጥላሉ፣ ጠረኑም ቀስ እያለ ይወጣል። ደረቅ ነፋስና ጠንካራ ፀሐይ ሲሆን ግን ብናኙ ይበተናል፣ ሽታውም ይተንናል። የውሃው ብዛት ልክ ሲያልፍ ደግሞ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል፤ ስለዚህ "ዝናብ ነው" ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ምን ዓይነት ዝናብ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ካፊያ ከሁሉም የተሻለ ወዳጅ ነው። ሣሩን ያረጥበዋል እንጂ አያጥበውም፤ መቻል በካፊያ ውስጥ አንድ ሰዓት የቆየ ዱካ ሳይዛነፍ ይከተላል። ጤዛና የጠዋት ጉምም እንደዚሁ ናቸው፤ ጉሙ ነፋስ በሌለበት ስለሚተኛ ጠረኑ ከመሬት አይነሳም። ዶፍ ግን በዱካው ላይ ከወረደ በተዳፋት ቦታ ያለውን ጠረን ጠርጎ ወደ ታች ይወስደዋል፤ ለጥ ባለ ሣር ላይ ሲሆን የተወሰነውን ይተዋል። በረዶ የወረደበትን ዱካ ለጀማሪ ውሻ አይስጡት፤ ሣሩን ሁሉ ሰባብሮ የራሱን ጠንካራ የሣር ሽታ ስለሚያወጣ የሚለየውን መስመር ይደብቅበታል። ከዶፍ በኋላ ያለው ጊዜ ግን ከማንም የተሰወረ ሀብት ነው፦ ዝናቡ ካባራ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቀው በረሰረሰው ሣር ላይ አዲስ ዱካ ቢዘረጉ፣ አሮጌው የመንደር ሽታ ሁሉ ታጥቦ ስለሄደ ውሻው በንጹሕ ሰሌዳ ላይ እንደሚያነብ ሰው ይሆናል።

በአዲስ አበባ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን የሚበረታውም በሐምሌና በነሐሴ ነው። ዶፉ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚወርድ፣ እኔ የምሠራው ከጠዋቱ 12:30 እስከ 3:00 ባለው ጊዜ ነው። ሳይነጋ መውጣትን አልመክርም፤ ከተማዋን በሚያቋርጡት ወንዞች ሸለቆ እየተከተለ ሌሊት ጅብ የሚገባ ከመሆኑም በላይ፣ ተሰብስበው የሚያድሩት የመንገድ ውሾች ወደየጥጋቸው የሚበተኑት ጎህ ከቀደደ በኋላ ነው።

መሰናዶ

በመጀመሪያ ስለ ውሻው። ለዚህ ሥራ የግድ ውድ የፈረንጅ ውሻ መግዛት አያስፈልግም። ቢግል የተባለው ዝርያ ጥንቸልን በጠረን ለመከተል ተብሎ የተዳቀለ በመሆኑ ይቀናዋል፤ መቻል ግን አበሻ ውሻ ነው፣ ከመንገድ የተነሳ፣ ከአጭር ጠጉሩ ጭቃው በቶሎ የሚራገፍ፣ ብርዱንም የለመደ። ከዝርያው ይልቅ የሚፈለገው የምግብ ፍላጎት ያለውና በመኪና ጥሩምባ የማይበረግግ መሆኑ ነው።

ክትባቱ ሳይሟላ ከግቢ እንዳይወጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወር ዕድሜው ተጀምሮ ሐኪሙ በሚሰጠው ቀጠሮ መታደስ አለበት። ለክረምት ሥራ ደግሞ ሌፕቶስፓይሮሲስን ጨምሮ የሚከላከለውን ጥምር ክትባት የእንስሳት ሐኪምዎን በስሙ ይጠይቁ፤ ይህ በሽታ በአይጥ ሽንት በተበከለ የቆመ ውሃ የሚተላለፍ ሲሆን ሰውንም ይይዛል። ለዚህ ነው በልምምድ ጊዜ ውሻው ከኩሬ እንዳይጠጣ በፕላስቲክ ጠርሙስ የራሱን ውሃ የምይዝለት።

ሽልማቱ በቀላሉ የሚዋጥና ሽታው የሚያጓጓ መሆን አለበት። ጨውም ቅመምም ያልነካው የተቀቀለ ጉበት በጥፍር ልክ ተቆራርጦ ከሁሉም ይበልጣል። የወጥ ፍርፋሪ በፍጹም እንዳይሰጡት፤ ቀይ ሽንኩርት፣ በወጥ ውስጥ የቀለጠውም ቢሆን፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ የሚጎዳ መርዝ ነው። እዚህ ላይ አንድ የወቅት ነገር አለ፦ ከነሐሴ 1 እስከ 15 የፍልሰታ ጾም በመሆኑ ብዙዎቹ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። ስለዚህ በሐምሌ የመጨረሻ ሳምንት ሁለት ኪሎ ያህል ገዝቼ፣ ቀቅዬና ቆራርጬ፣ ለየቀኑ የሚበቃውን በየፌስታሉ ከፋፍዬ በማቀዝቀዣ አስቀምጣለሁ።

ማሰሪያው ደረትንና ትከሻን የሚያቅፈው ዓይነት ይሁን። በአንገት ማሰሪያ የተያዘ ውሻ ወደ ፊት በገፋ ቁጥር ስለሚታነቅ፣ አንገቱን ቀና ማድረግ ይለምዳል፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ አፍንጫው መሬት ላይ እንዲሆን ነው። ገመዱ 10 ሜትር ርዝመት ያለው ናይሎን ቢሆን ይመረጣል። የጥጥ ገመድ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ቆዳ ደግሞ ረጥቦ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ይሰነጠቃልም። እርጥብ ናይሎን በእጅ ውስጥ ሲሮጥ መዳፍ ስለሚልጥ ጓንት ያድርጉ። ለራስዎ ቦት ጫማና እጅዎን ነጻ የሚያደርግ የዝናብ ልብስ ይልበሱ፤ ጃንጥላ ይዞ 10 ሜትር ገመድ መቆጣጠር አይቻልም።

የጠረን ከረጢቱን መሥራት

የጥንቸል ጠረን ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ፣ የከተማችን መልስ በየሰፈሩ የቤት ጥንቸል የሚያረቡ ሰዎች መኖራቸው ነው። የእኔ ጎረቤት እናት ስድስት ያህል ነጫጭ ጥንቸሎችን በእንጨት ሳጥን ያረባሉ፤ ሳጥኑን ሲያጸዱ የሚያወጡትን፣ ጠጉር የተቀላቀለበትን ጭድ አንድ ጭብጥ ያህል ይሰጡኛል። የቤት ጥንቸልና የዱር ጥንቸል ጠረናቸው አንድ አይደለም፤ ለልምምዳችን ግን ውሻው አንድን የተወሰነ ጠረን ከሌላው ለይቶ መያዝን መማሩ በቂ ነው።

ጭዱን በንጹሕ የጥጥ ካልሲ ውስጥ ይጨምሩና አፉን በሲባጎ ይቋጩ። ካልሲው ሽታ በሌለው ሳሙና የታጠበና በደንብ የተለቀለቀ ይሁን፤ ሽቶ ያለበት ሳሙና ከተጠቀሙ ውሻው የሚማረው የሳሙናውን ዱካ ነው። ሦስት ሜትር ያህል ሲባጎ ያስሩለትና ክዳን ባለው የመስታወት ማሰሮ ያስቀምጡት። ሲነኩት ሁልጊዜ ንጹሕ የላስቲክ ጓንት ያድርጉ። በክረምት ጭዱ በሁለት ቀን ውስጥ ሻጋታ ስለሚያወጣ፣ በየሁለት ቀኑ መለወጥ ግዴታ ነው፤ የሻገተ ጭድ የሚተወው ሽታ የሻጋታ እንጂ የጥንቸል አይደለም፣ ለውሻውም ሳንባ ጥሩ አይደለም።

ቦታ መምረጥ

በመሃል ከተማ ለጥ ያለ ሜዳ ማግኘት ከባድ ቢመስልም፣ ለጀማሪ ውሻ የሚያስፈልገው 20 እርምጃ ሣር ብቻ ነው። የግቢ ጓሮ፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ መሃል ያለ ሣር፣ ወይም ባለቤቱ የፈቀደልዎ ያልተሠራ ባዶ ቦታ ይበቃል። ዘበኛውንና ጎረቤቱን አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ በእኛ አገር ውሻን የሚፈራ ሰው ብዙ ነው፣ ፍርሃቱም የእብድ ውሻ በሽታን ካየ ሕዝብ የመጣ ስለሆነ ሊከበር ይገባዋል። ከቀበና፣ ከግንፍሌና ከባንተ ይቀጡ ወንዞች ዳርቻ በክረምት ይራቁ። ውሃው ቆሻሻ ከመሆኑም በላይ፣ በእንጦጦ የዘነበው ዶፍ እርስዎ ያሉበት ካፊያ ብቻ እያለ በድንገት ሞልቶ ሊደርስ ይችላል።

የመጀመሪያው ዱካ

ውሻው ቁርስ ሳይበላ፣ ከእይታ ውጭ ታስሮ ይቆይ። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ይወቁ፤ ጥቂት ደረቅ ጭድ ወይም የተበጠሰ ሣር ወደ ላይ በትነው ማየት ይበቃል። ዱካው ሲዘረጋ ነፋሱ ከጀርባዎ እንዲሆን ያድርጉ። ነፋሱ ከፊት ከመጣ ውሻው መጨረሻ ላይ ያለውን ሽልማት ከአየር ላይ ስለሚያሸተው፣ ራሱን ቀና አድርጎ በአቋራጭ ይሮጣል፤ አንዴ ይህን ከለመደ ማስተው ብዙ ሳምንት ይፈጃል።

መነሻው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት አጭር ችካል ይትከሉ። ከችካሉ ሥር ካልሲውን ለአንድ ደቂቃ ያህል እዚያው መሬት ላይ ያሻሹት። ከዚያ ካልሲውን ከኋላዎ እየጎተቱ፣ በቀጥታ መስመር 20 እርምጃ ቀስ ብለው ይሂዱ፤ በየእርምጃው አንድ ቁራሽ ጉበት ካልሲው ባለፈበት ላይ ያስቀምጡ። መጨረሻው ላይ ሁለተኛ ችካል ተክለው፣ አንድ እፍኝ ጉበት ያለበት ሳህንና ካልሲውን ራሱን ይተዉ። ሲመለሱ በዱካው ላይ አይመለሱ፤ ወደ ጎን ርቀው፣ ሰፊ ዞር ብለው ይመለሱ። ይህ ብዙ ሰው የሚስትበት ነጥብ ነው፤ በራሱ ዱካ ላይ የተመለሰ ሰው ለውሻው ሁለት አቅጣጫ ያለው ግራ የሚያጋባ ነገር ይሰጠዋል።

አሥር ደቂቃ ይጠብቁ። ውሻውን አምጥተው የደረት ማሰሪያውን መነሻው ላይ ብቻ ያልብሱት፤ ከጊዜ በኋላ ማሰሪያው ራሱ "ሥራ ተጀመረ" የሚል ምልክት ይሆነዋል። በእጅዎ ወደ መሬቱ አመልክተው በተረጋጋ ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ "ፈልግ" ይበሉት። ጭንቅላቱን ሲያጎነብስና የመጀመሪያውን ቁራሽ ሲያገኝ ዝም ይበሉ፤ ሙገሳም ቢሆን አፍንጫውን ከመሬት ያነሳዋል። ገመዱን ሁለት ሜትር ያህል ለቅቀው፣ ገመዱ ሳይወጠር ሳይረግብም፣ ውሻው በፈለገው ፍጥነት ይከተሉት። ሳህኑ ጋ ሲደርስ ግን ደስታዎን አይደብቁ፤ ያሞግሱት፣ ይዳብሱት፣ ካልሲውን ይዞ ይጫወት።

በቀን ሁለት እንዲህ ያለ ዱካ ይበቃል። ደክሞት ከሚያቆም ገና ሲፈልግ ቢያቆም ይሻላል።

ርዝመት፣ ዕድሜና መታጠፊያ

ውሻው 20 እርምጃውን አምስት ቀን ሳይስት ከሄደ በኋላ ሦስት ነገሮችን ማክበድ ይቻላል፦ ርዝመቱን፣ ከተዘረጋ የቆየበትን ጊዜና መታጠፊያውን። ከሦስቱ ግን በአንድ ቀን አንዱን ብቻ ይለውጡ። ርዝመቱን በሳምንት ውስጥ ወደ 60 እርምጃ ያድርሱ፣ ቁራሾቹን በየሦስትና በየአምስት እርምጃው ያራርቁ። ዕድሜውን ከአሥር ደቂቃ ወደ 20፣ ወደ 40፣ ከዚያም ወደ አንድ ሰዓት ያሳድጉ። መታጠፊያው በመጀመሪያ የተለጠጠ ይሁን፤ ከመታጠፊያው በኋላ ባሉት ሦስት እርምጃዎች ላይ ደግሞ ቁራሾቹን እንደገና ያቀራርቡ፣ ትክክለኛውን አቅጣጫ መያዙ ወዲያው እንዲከፈለው።

ዱካው ያለፈበትን እርስዎ በእርግጠኝነት ማወቅ አለብዎት። ሣር ላይ የካልሲው መስመር ጤዛውን ጠርጎ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ካፊያ ከጣለ ግን በሩብ ሰዓት ይጠፋል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ዛፉን፣ ድንጋዩንና የአጥሩን ማዕዘን ምልክት አድርገው ንድፉን ይሥሩ፣ ወረቀቱንም በፌስታል ይጠቅልሉ።

እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት መናገር ይኖርብኛል። በሁለተኛው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ በአንድ ተዳፋት ግቢ ውስጥ ዱካ ዘርግቼ ገና ሳልጀምር ዶፍ ወረደ፤ ከቆርቆሮ ሥር ተጠልለን ካባራ በኋላ መቻልን አስጀመርኩት። አሥር እርምጃ በትክክል ከሄደ በኋላ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ታች፣ ወደ ግንቡ ሥር ወረደና አፍንጫውን ከግንቡና ከመሬቱ መገናኛ ሳይነቅል መሄድ ጀመረ። ንድፌ ግን ዱካው ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ እንደሚያልፍ ይናገራል። ገመዱን ጎትቼ መለስኩት፤ ተመልሶ ወረደ፤ እንደገና ጎተትኩት። በሦስተኛው ጊዜ ቁጢጥ ብሎ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ፣ ከአፍንጫው ጫፍ ውሃ እየተንጠባጠበ ዓይን ዓይኔን አየኝና መሥራት አቆመ። በበሩ ላይ ሆነው ሲያዩን የነበሩት የግቢው ጥበቃ፣ "ልጄ፣ እሱ የሚሄድበትን ያውቃል፤ ልቀቀው እንጂ" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ውሃው ጠረኑን ጠርጎ ከግንቡ ሥር ባለው ደለልና ሣር ላይ አከማችቶት ነበር፤ መቻል የተከተለው እኔ የሣልኩትን ሳይሆን ዝናቡ ያስቀመጠውን ነው። ከዚያ ቀን በኋላ አመኔታውን ለመመለስ ሁለት ሳምንት ወደ 20 እርምጃው ዱካ መመለስ ግድ ሆነብኝ።

ስለዚህ በተዳፋት ላይ ዶፍ ከወረደ፣ ውሻው ከመስመሩ በታች እስከ ጥቂት ሜትር ወርዶ ከዱካው ጋር ትይዩ ቢሄድ እንደ ስሕተት አይቁጠሩት። የውሃው መውረጃ የት ነው? ደለል የተከማቸው የት ነው? ግንብ ወይም የድንጋይ ጠርዝ ያገደው የት ነው? ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ውሻውን ከማስጀመርዎ በፊት፣ እነዚህን በዓይንዎ ተመልክተው በንድፉ ላይ ይጨምሩ።

የጥንቸል ብልሃት

ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ቀላሉን ዱካ የለመደ ውሻ ይሰለቻል። ጥንቸሏ ራሷ የምታስተምረን እዚህ ላይ ነው። የምትባረር ጥንቸል ቀጥ ብላ አትሸሽም፤ በምታውቀው አካባቢዋ ዙሪያ ትዞራለች፣ ድንገት ቆማ በመጣችበት ዱካ ላይ ትመለሳለች፣ ከዚያ ከዱካዋ ወደ ጎን በረጅሙ ዘልላ ሌላ መስመር ትጀምራለች። ዝናብ ሲበረታ ደግሞ መሮጥ ትታ ሣር ውስጥ ተጣብቃ ትተኛለች፣ አሳዳጁ አጠገቧ እስኪደርስ አትነቃነቅም።

እነዚህን አንድ በአንድ ያስመስሉ። ለመመለሷ፦ ካልሲውን 40 እርምጃ ጎትተው፣ በዚያው መስመር አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሱ። ለዝላይዋ፦ ከተመለሱበት ነጥብ ካልሲውን ከመሬት አንስተው፣ በሲባጎው ወደ ጎን ሁለት ሜትር ወርውረው፣ ከወደቀበት መጎተትዎን ይቀጥሉ። የእርስዎ እግር ክፍተቱን እንዳያገናኘው ሰፊ ዙር ዞረው ወደ ወደቀበት ይድረሱ። ለዙሪያዋ ደግሞ ዱካው ወደ መነሻው አካባቢ ተመልሶ ያብቃ። በዝናብ የምትተኛዋን ለማስመሰል ካልሲውን ረጅም ሣር ውስጥ ደብቆ መተው ነው፤ ሳህን አያስፈልግም፣ ካልሲውን ሲያገኝ ሽልማቱን ከእጅዎ ይስጡት።

ውሻው መስመሩ ሲጠፋበት ያለው ቅጽበት ከሥልጠናው ሁሉ የሚበልጥ ነው። ምልክቶቹን ይወቁ፦ ትንፋሹ ይለወጣል፣ ጅራቱ መወዛወዙን ያቆማል፣ ራሱን ቀና አድርጎ ጆሮውን ያቆማል። በዚያች ቅጽበት እርስዎ ባሉበት ይቁሙ። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቢሄዱ ዱካውን ይረግጡታል፣ አቅጣጫም ይጠቁሙታል። ገመዱን ከፍ አድርገው ይያዙለት፣ እግሩ እንዳይጠላለፍ፤ እሱ በዙሪያዎ ይዞር። መጀመሪያ ጠባብ፣ ከዚያ ሰፋ ያለ ክብ ይዞርና፣ ሁለት ሜትር ርቆ የወደቀውን ካልሲ ጠረን ሲያገኝ አንገቱ በድንገት ወደዚያ ይዞራል፣ ጅራቱም ይነሳል። ይህን ራሱ ያገኘ ውሻ ሌላ ውሻ ነው። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ፈልጎ ካጣው፣ ሳይቆጡት በዱካው እርግጠኛ ወደነበረበት ቦታ መልሰው እንደገና "ፈልግ" ይበሉት።

ከሣር ወደ ድንጋይ

የመሃል ከተማ ኗሪ ሣሩ በአጭሩ አልቆ ድንጋይ ላይ መውጣቱ አይቀርም። አስፋልት በዝናብ ጊዜ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምንም የሚይዝ ነገር ስለሌለው ውሃው ጠረኑን ወደ ጠርዙ ጠርጎ ይወስደዋል፣ የመኪናም አደጋ አለበት፤ አስፋልት ለማሻገር አይሞክሩ። ኮብልስቶን ግን ልዩ ነው። በድንጋዮቹ መሃል ባለው ስንጥቅ ውስጥ አፈርና ሣር ስለሚኖር ጠረኑ እዚያ ተቀብሮ ይቀራል። መቻል ኮብልስቶን ላይ ሲሆን አፍንጫውን ከስንጥቅ ወደ ስንጥቅ እየሰካ፣ ከሣሩ በግማሽ ያነሰ ፍጥነት ይሄዳል። ሲጀምሩ ከሣር ተነስቶ አምስት እርምጃ ብቻ ኮብልስቶን አቋርጦ ወደ ሣር የሚመለስ ዱካ ይዘርጉ፤ መኪና የማይገባበትን የውስጥ መንገድ ይምረጡ፣ ገመዱንም ወደ ሁለት ሜትር ያሳጥሩ።

ድመት ብትዘል ወይም የሰፈር ውሻ ቢመጣ የሚያድነው "ተወው" የሚለው ቃል ነው፤ ይህን በቤት ውስጥ በጉበት ቁራሽ አስቀድመው ያስተምሩ። የመንገድ ውሾች ሲቀርቡ አይሩጡ፣ ውሻዎን በአጭሩ ይዘው በዝግታ ይራቁ። እርስዎንም ሆነ ሌላ ሰው ውሻ ከነከሰ፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ክትባቱን ግን በጊዜው የጀመረ ሰው ይድናል።

ከሥራ በኋላ

ቤት እንደደረሱ ምግብ ከመስጠትዎ በፊት ውሻውን በለብታ ውሃ ከሆዱ ሥርና ከእግሮቹ ጭቃውን ያውርዱለት። ጣቶቹን አንድ በአንድ ለይተው ይዩ፤ በጣቶቹ መሃል የሚቀር እርጥብ ጭቃ ቆዳውን ያቆስላል፣ የጠርሙስ ስባሪም ሊገኝ ይችላል። ጆሮው የተንጠለጠለ ከሆነ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ያድርቁ፣ በጥልቁ ግን ምንም ነገር አይክተቱ፤ የሚሸት ወይም የቀላ ጆሮ ካዩ ሐኪም ይየው። በፎጣ ሲያደርቁት ከጠጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ ይሹት፣ መዥገርም በዚያው ይፈልጉ። የሚተኛበት ቤት ወለሉ ከመሬት አንድ ጋት ከፍ ያለ፣ ደረቅ የማዳበሪያ ጆንያ የተነጠፈበትና በሩ ነፋስ ከሚመጣበት የዞረ ይሁን። ቀዝቅዞ ካረፈ ከአንድ ሰዓት በኋላ ዋናውን ምግቡን ይስጡት።

ገመዱንና የደረት ማሰሪያውን ያጥቡና ከጭስ ርቆ፣ ከጣሪያ ሥር ያንጠልጥሉ፤ ከማድቤት አጠገብ የሰቀሉት ማሰሪያ በማግስቱ የበርበሬና የሽንኩርት ሽታ ይዞ ይወጣል። ከዚያ፣ ልብስዎን ሳይቀይሩ፣ ንድፉን ከፌስታሉ አውጥተው በደብተር ላይ ይገልብጡ፦ ቀኑን፣ ዱካው የተዘረጋበትንና የተጀመረበትን ሰዓት፣ ዝናቡ ካፊያ ወይስ ዶፍ እንደነበረ፣ ነፋሱ ከየት እንደመጣ፣ ውሻው የት እንደቆመና የት እንዳገኘው። በእኔ ደብተር ላይ መቻል የተከተለው መንገድ በቀይ፣ እኔ የዘረጋሁት በሰማያዊ እስክሪብቶ ጎን ለጎን ተሥለዋል፤ የነገውን ዱካ የምዘረጋው ሁለቱ መስመሮች የተለያዩበትን ቦታ ተመልክቼ ነው።